ከቦሌ የሚያንሰው ተራራ

ፈረንሳዮች ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉለት አንድ ተራራ አላቸው፤ ቱርማሌ ይባላል። ፈረንሳይንና ስፔንን በሚለዩት በፒሬኔ ተራሮች ውስጥ፣ በፈረንሳይ ወገን የሚገኝ መተላለፊያ ነው። ቱር ደ ፍራንስ የተባለው ታላቁ የብስክሌት ውድድር ከሌሎቹ ከፍተኛ መተላለፊያዎች ሁሉ አብልጦ የረገጠው እሱን ነው፤ ከ80 ጊዜ በላይ። ስለ እሱ የተጻፈውን ላነበበ ሰው፣ አናቱ ላይ ደመና ብቻ ሳይሆን መላእክትም የሚያርፉበት ይመስለዋል። ከፍታው ግን 2115 ሜትር ነው።

ይህን ቁጥር ያየ አዲስ አበቤ መነጽሩን ጠርጎ እንደገና ማንበቡ አይቀርም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ቦሌ ቆሞ ሻንጣው እስኪመጣለት የሚያዛጋ መንገደኛ፣ ከቱርማሌ አናት ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው የሚያዛጋው። ፒያሳ ማኪያቶ የያዘው ደግሞ ከእሱም በላይ ነው። የማገዶ እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱትን እናቶች ካነሳንማ ጨዋታው ፈረሰ። እነሱ የሚነሱት ከ3000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ማሊያ የሸለማቸውም የለም።

ይህን ስሌት ፈረንሳይ አገር ቱሉዝ ለሚኖረው የእህቴ ልጅ በስልክ አጫወትኩት። ልጁ ጥሩ ሥራ አለው፣ ትዳርም ይዟል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን የተጣበቀ ቁምጣ ለብሶ ከተራራ ተራራ ይዞራል። እናቱ ጸበል ይወሰድ ያለችበት ጊዜ ሁሉ ነበር። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «እንግዲያው ይምጡና ይውጡታ፣ ጋሼ! ከላይ ለመጣ ሰው ይሄ ምኑ ይከብዳል?» አለኝ። እንዲህ ተብሎ ዝም የሚል የአዲስ አበባ ሰው አላውቅም።

ከፍታ ሌላ፣ ዳገት ሌላ። ቦሌ ላይ ለመቆም ከታች መነሳት አያስፈልግም፤ እዚያው ተወልደህ እዚያው ትቆማለህ። ቱርማሌ ግን በምሥራቅ በኩል ሳንት ማሪ ደ ካምፓን ከምትባል መንደር፣ ከ850 ሜትር ገደማ ይጀምራል። ከዚያ በ17 ኪሎ ሜትር መንገድ ወደ 1270 ሜትር ሽቅብ ነው። በየመቶ ሜትሩ በአማካይ ሰባት ሜትር ከምናምን ትወጣለህ ማለት ነው፤ «በአማካይ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ብዙ ጉድ ትሸፍናለች፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ለስለስ ስለሚሉ ዕዳቸውን የሚከፍሉት የመጨረሻዎቹ ናቸው። ብስክሌት ሜዳ ላይ የሚታገለው ከነፋስ ጋር ነው። ዳገት ላይ ነፋሱ ይቀርና ትግሉ ከገዛ ክብደትህ ጋር ይሆናል፤ የተሸከምካትን እያንዳንዷን ኪሎ ወደ ሰማይ ማንሳት አለብህ። ዳገት ላይ የሚነግሡ ብስክሌተኞች አጥንታቸው የሚቆጠረው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ የሄድኩት የፋሲካው ዶሮና ቅቤ ገና ከወገቤ ሳይወርድ ነበር።

በታሪክ ቱርማሌን ከተሻገሩት ሰዎች ሁሉ ብልኋ ማዳም ደ ማንትኖን ይመስሉኛል። በ1675 (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የንጉሥ ሉዊ 14ኛን ልጅ ባሬዥ ወደሚባለው ፍል ውኃ ለሕክምና ሲወስዱ በዚህ በኩል አለፉ። ያለፉትም በተሸካሚዎች ትከሻ ነው ይባላል። ከሳቸው በኋላ በዚያ መንገድ የወጣው ሰው ሁሉ ለምን ይህን ዘዴ እንደተወው ለእኔ እስካሁን እንቆቅልሽ ነው።

ተራራውን ስመ ጥር ያደረገው ግን ንጉሥም እመቤትም አይደለም፤ ጋዜጣ ነው። ቱር ደ ፍራንስን በ1903 የጀመረው ሎቶ የተባለ የስፖርት ጋዜጣ ሲሆን፣ የጀመረውም ለአገር ፍቅር ብሎ አይደለም፤ ተቀናቃኝ ጋዜጣ ስለነበረበት ገበያ ፈልጎ ነው። ዋና አዘጋጁ ኦንሪ ደግራንዥ ጥቂት ዓመታት ሜዳውን ካስኬደ በኋላ አንባቢው እንዳይሰለች ሥጋት ገባው። ያን ጊዜ ባልደረባው አልፎንስ ስቴኔስ «ለምን በፒሬኔ አናልፍም?» አለ። ደግራንዥ አመነታ። መንገድ የሚባለው ነገር የፍየልና የእረኛ ነበርና ስቴኔስ ራሱ አይቶ እንዲመጣ ተላከ።

ስቴኔስ መኪና ከነሾፌሩ ተከራይቶ ቱርማሌን ተያያዘው። አናቱ ሊደርስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው በረዶ መንገዱን ዘጋው። ሾፌሩ የመሸበትንና ድብ የሚዞርበትን አገር አይቶ መኪናውን አዙሮ ተመለሰ፤ እኔ እንደሚገባኝ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጤነኛ ጭንቅላት የነበረው እሱ ብቻ ነው። ስቴኔስ በጨለማ፣ በከተማ ጫማ፣ በረዶውን እየደረመሰ ቀጠለ፤ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ጠፋ። ፈላጊዎች ተሰማርተው ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ በወዲያኛው በኩል ባሬዥ አካባቢ ብርድ ሊጨርሰው ሲል ተገኘ። ገላውን ታጠበ፣ ትኩስ ነገር ቀመሰ፣ ከዚያም ፓሪስ ላለው አለቃው ቴሌግራም መታ፦ ቱርማሌን ተሻግሬያለሁ፤ መንገዱ በጣም ጥሩ ነው፤ ያለ ችግር ይታለፋል።

ከዚህ የሚበልጥ የጋዜጠኛ ድፍረት እኔ አላውቅም። «ተሻግሬያለሁ» ማለቱ እኮ እውነት ነው፤ እንዴት አድርገህ ብሎ የጠየቀው ሰው ነው የጠፋው።

በዚህ ቴሌግራም ላይ ተመሥርቶ፣ በ1910 ጁላይ 21 ቀን (በእኛ ሐምሌ 14 ቀን 1902 ዓ.ም. መሆኑ ነው) ተወዳዳሪዎቹ ገና በጨለማ ከሉሾን ተነሥተው ወደ ባዮን እንዲሄዱ ተደረገ። ርቀቱ 326 ኪሎ ሜትር፣ መንገዱ ላይ ፔይሩሱርድ፣ አስፓን፣ ቱርማሌና ኦቢስክ የተደረደሩበት። ብስክሌቱ ከባድ ብረት ነው፤ ማርሽ የለውም፤ ጥርሱን መለወጥ የፈለገ ወርዶ የኋላ ጎማውን ፈትቶ ማገላበጥ አለበት። ለደከማቸው ማንሻ የምትሆን ከኋላ የምትከተል መኪና ያን ዓመት ተጀመረች፤ ስሟን «መጥረጊያ» አሏት። ተወዳዳሪዎቹ ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ የፈሩት ድቡን ነበር። ደግራንዥስ? ደግራንዥ አሞኛል ብሎ ውድድሩን ለምክትሉ ለቪክቶር ብሬየር አስረክቦ ከተራሮቹ በፊት ሄደ። የአለቃ ሕመም ቀኑን አይስትም።

ቱርማሌን አንደኛ ሆኖ የረገጠው ኦክታቭ ላፒዝ ነው፤ ግማሹን ጋልቦ፣ ግማሹን ብስክሌቱን እየገፋ። ተከታዩ ጉስታቭ ጋሪጉ እግሩ መሬት ሳይነካ ወጥቶ 100 ፍራንክ ተሸለመ። ከዚያ ኦቢስክ መጣ። ላፒዝ እየገፋ፣ እየተንገዳገደ አናቱ ሲደርስ የአዘጋጆቹን መኪና አየና «ነፍሰ ገዳዮች!» ብሎ ጮኸባቸው። ጮኾ ሲያበቃ ግን ቁልቁለቱን ተያያዘው፤ ከ14 ሰዓት በላይ ጋልቦ ባዮን አንደኛ ገባ፤ የዚያን ዓመት ቱርም አሸነፈ። አለቆቹን ነፍሰ ገዳይ ብሎ ሰድቦ በዚያው ወር ከእጃቸው ሽልማት የተቀበለ ሌላ ሠራተኛ የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ፤ እኔ ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም።

ደግራንዥን አንስቼ የማርሽ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሰውዬው ማርሽ መለዋወጥ ከ45 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ካልሆነ በቀር ለማንም አይገባም የሚል እምነት ነበረው፤ ጉልበት ያለው ሰው በጡንቻው ያሸንፍ ይል ነበር። ዘመናዊው ማርሽ መቀየሪያ እስከ 1937 ድረስ ቱር ውስጥ የተከለከለው በዚህ ሰበብ ነው። ዕድሜዬ በሱ ሕግ የተፈቀደላቸው ተርታ ውስጥ ስለሆነ፣ የእህቴ ልጅ የተከራየልኝን ባለ ብዙ ማርሽ ብስክሌት በሙሉ ልብ ተቀበልኩ። ትንሹን ማርሽ መጀመሪያውኑ አስገብቼ ሌላውን ለሚያስፈልገው ተውኩለት።

እስከ ግሪፕ ያለው መንገድ ደግ ነው። ወንዝ ይፈስሳል፣ ላሞች ቃጭል አንጠልጥለው ይግጣሉ፣ «ይኸው ነው እንዴ?» ትላለህ። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ፊቱን ያዞርብሃል። በየኪሎ ሜትሩ ለብስክሌተኛ ተብሎ የተተከለ ሰሌዳ አለ፤ አናቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረው፣ ቀጣዩ ኪሎ ሜትር ደግሞ በመቶ ስንት እንደሚከብድ ይነግርሃል። «9 በመቶ» ይላል፤ ልክ ጥርስ ነቃዩ ጉጠቱን ከማንሳቱ በፊት ለበሽተኛው እንደሚያሳየው። አስፋልቱ ላይ የጀግኖች ስም በነጭ ቀለም ተጽፏል። አንገቴን ደፍቼ ስለምሄድ አንዱንም ሳላነብ አላለፍኩም።

ጸጉራቸው የነጣ አንዲት ፈረንሳዊት እናት ከኋላ መጥተው «ቦንዡር» አሉኝና አለፉ። እግዜር ይስጥልኝ ለማለት ትንፋሽ ሳሰባስብ እሳቸው መታጠፊያውን ዞረዋል።

የበረዶ ናዳ እንዳይመታው በተሠራው የሲሚንቶ ከለላ ሥር ስደርስ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። የእህቴ ልጅ ደነገጠ።

«ምነው ጋሼ፣ አመምዎት እንዴ?»

«አይ፣ ታሪክ እያከበርኩ ነው።»

ላፒዝ የገፋበትን መንገድ እኔ ማን ነኝና ጋልቤ አልፋለሁ? ጋሪጉ እንኳ ያልገፋው 100 ፍራንክ ተይዞለት ነው፤ ለእኔ የተያዘ ነገር የለም። ላ ሞንዢ የምትባለው የበረዶ ሸርተቴ ከተማ በበጋ ሰው የለቀቃት ትመስላለች። ከእሷ በላይ መንገዱ ዳር ከደቡብ አሜሪካ ያመጧቸው ላማዎች ይግጣሉ፤ ግመል ይሁኑ በግ ያልለየላቸው፣ ሰውን ከእግር እስከ ራስ የሚገረምሙ እንስሳት። ከተማ ቢሆን ኖሮ ምን ታያላችሁ እላቸው ነበር።

አናቱ ላይ አፉን ከፍቶ የሚያለከልክ ብስክሌተኛ ግዙፍ ሐውልት ቆሟል፤ በላፒዝ ስም ኦክታቭ ይሉታል። ክረምት ሲገባ መተላለፊያው በበረዶ ስለሚዘጋ ሐውልቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጁን ወር ብስክሌተኞች አጅበውት ይመለሳል። የሚመለሰውም በጭነት መኪና ተጭኖ ነው፤ ይህን ስሰማ ልቤ ትንሽ ተጽናና። ላፒዝ ራሱ ይህን ሁሉ አላየም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ በ1917፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ በዓል ቀን በጁላይ 14 ተመትቶ ወደቀ። ዕድሜው 29 ነበር።

ቱርማሌ ላይ ከተደረገው ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ግን ሽቅቡ አይደለም፤ ቁልቁለቱ ነው። በ1913 ኦዤን ክሪስቶፍ የተባለ ተወዳዳሪ ቱርን ሊያሸንፍ የሚችልበት ዕድል በእጁ ገብቶ፣ ቱርማሌን ተሻግሮ ወደ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን ሲወርድ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ተሰበረ። በጊዜው ደንብ ተወዳዳሪ የተበላሸበትን ነገር ራሱ መጠገን አለበት፤ ብስክሌት መቀየር ክልክል፣ የሰው እርዳታም ክልክል። ክሪስቶፍ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወረደ። ያለፋቸው ተወዳዳሪዎች ሁሉ እየተመለከቱት አለፉት። መንደሯ ውስጥ ወዳለ የብረት ቀጥቃጭ ቤት ገባ። እንደ ዕድል ሆኖ ቀድሞ የቁልፍ ሠሪነት ሙያ ነበረውና ብረት ያውቃል። ቀጥቃጩ ዳር ቆሞ በቃል ሊመክረው እንጂ በእጁ ሊነካለት አይችልም፤ የውድድሩ ዳኞች ቆመው ያያሉ። አንደኛው ራበኝ፣ ወጥቼ ትንሽ ልቅመስ ቢለው ክሪስቶፍ ከሰል ብላ አለው ይባላል።

ሹካውን አግሎ፣ ቀጥቅጦ በየደው። ሁለት እጁ ሥራ ስለያዘ ግን ወናፉን የሚነፋለት አጣ። አንድ የመንደር ልጅ ቀረብ ብሎ ነፋለት። ሥራው ሲያልቅ ዳኞቹ ደብተራቸውን አወጡና የሰው እርዳታ ተቀብለሃል ብለው 10 ደቂቃ ቅጣት ጨመሩበት። በኋላ ልባቸው ራርቶ ነው አሉ፣ 3 ደቂቃ አደረጉት። ሰውየው ከመሪዎቹ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ዘግይቶ የገባ ሰው ነው! በአራት ሰዓት ላይ ሦስት ደቂቃ መጨመር ምን ይባላል? እንዲህ ያለው ነገር እኛ አገር ማኅተም ያለበት ቢሮ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ይመስለኝ ነበር።

ክሪስቶፍ በ1919 የውድድሩ መሪ የሚለብሰውን ቢጫ ማሊያ ያጠለቀ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ማሊያው ቢጫ የሆነው ያው የሎቶ ወረቀት ቢጫ ስለነበር ነው ይባላል፤ ሰውየው ጋዜጣ ለብሶ ይዞር ነበር ብትል አልተሳሳትክም። ያን ዓመትም ውድድሩ ሊያልቅ ሲል እየመራ ሳለ ሹካው ተሰበረ። በ1922 ጋሊቢዬ በሚባለው ተራራ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰበረ። ቱርን አንድም ቀን አላሸነፈም። በ1913 ያሸነፈው ፊሊፕ ቲስ ነው፤ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን ውስጥ ግን መታሰቢያ የቆመለት ክሪስቶፍ ነው፤ እኔም ከቁልቁለቱ ስወርድ ሁለቱንም ፍሬን ጨምድጄ ይዤ፣ ዓይኔን ከራሴ ሹካ ላይ አልነቀልኩም።

ሌሎቹ ጀብዱዎች ከዚህ በኋላ ትንሽ ይቀዘቅዙብኛል። ቤልጅጋዊው ኤዲ ሜርክስ በ1969 ሁሉንም እየመራ፣ ማንም ሳያስገድደው ቱርማሌ አናት አካባቢ አመለጠና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻውን ጋልቦ ወደ 8 ደቂቃ በሚጠጋ ልዩነት አሸነፈ። በማግስቱ ሦስት አሜሪካውያን ወደ ጨረቃ ተነሡ፤ ያን ሰሞን ሰው ልኩን የሚያውቅ አልነበረም። በ2010፣ የዚያ የላፒዝ ውድድር መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ አንዲ ሽሌክ ጭጋግ ውስጥ አናቱ ላይ አሸነፈ። ሙሉውን ቱር ግን ተቀናቃኙ ኮንታዶር ወሰደ፤ ኋላ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ተነጥቆ ለሽሌክ ተሰጠ። ቱርማሌ ላይ ደረሰኙ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

የእኛም እግር አልቀረበትም። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ ያን ዓመት ስምንተኛው ቀን ውድድር ቱርማሌን ያሻግር ነበር። ጎረቤታችን ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የተራራ ንጉሥ የሚለብሰውን ነጠብጣብ ማሊያ ያጠለቀ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነበር፤ የአገሩ ልጅ ቢንያም ግርማይ ደግሞ በ2024 በነጥብ አንደኛ የሚሆነው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ፓሪስ... ይቅርታ፣ ያን ዓመት በኦሊምፒኩ ሰበብ ማብቂያው ኒስ ነበር፤ ኒስ ድረስ ለብሶት ገባ። ከፍታ ላይ ተወልደው ዳገት ላይ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ እነሱን ቦሌ ሻንጣ ከሚጠብቀው ጋር አንድ ላይ አልቆጥራቸውም።

አሁን አንድ ማመልከቻ አለኝ፤ ለሚመለከተው ሁሉ። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ደጀንም ራሷ ከቱርማሌ አናት ከፍ ትላለች። ዳገቱ አለ፣ ጠመዝማዛው አለ፣ ዝንጀሮውም ድቡን ይተካል። የጎደለው በየኪሎ ሜትሩ «ይህን ያህል ቀርቶሃል፣ ቀጣዩ እንዲህ ይከብዳል» የሚል ሰሌዳ ነው፤ እሱን የመንገድ ሰዎች ይትከሉልን። ብስክሌት ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ ጭነት መኪና በማይበዛበት ሰዓት ተነሡ፤ ውኃና ጃኬት ያዙ፤ ፍሬናችሁን አስፈትሹ። መንገዱ በጣም ጥሩ ነው፣ ያለ ችግር ይታለፋል የሚለውን ቴሌግራም እኔ ከአዲስ አበባ እልክላችኋለሁ።